ከታች ሲታይ

ቤታችን ለጸሎት የሚመጡ ወገኖች ከመጻሕፍት መደርደሪያው በላይ የተደረደሩትን ትንንሽ የጦር ጄቶች ሲያዩ ብዙ ጊዜ ከሁለት ጥያቄ አያልፉም። ልጆቹ «ይበራል?» ይላሉ። ትልልቆቹ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ከክርስቲያን ቤት ምን አመጣው?» ይሉናል። የመጀመሪያው መልሱ ቀላል ነው፤ አይበራም። ሁለተኛውን ባልና ሚስት ሆነን ለዓመታት ስንነጋገርበት ቆይተናል።

ነገሩ ለማያውቀው እንዲህ ነው። የአውሮፕላን ሞዴል የሚሸጠው ተገጣጥሞ ሳይሆን ተበታትኖ ነው። ሳጥኑ ሲከፈት በግራጫ የፕላስቲክ ክፈፍ ላይ የተያያዙ ብዙ ቁርጥራጮች፣ የአሠራር መመሪያ፣ እንዲሁም ውኃ ነክቷቸው የሚለጠፉ የምልክትና የቁጥር ወረቀቶች ይገኛሉ። ታሚያና ሐሴጋዋ የሚባሉት ስመ ጥር አምራቾች ሁለቱም የጃፓኗ የሺዙኦካ ግዛት ናቸው። የተለመደው ልክ 1/72 እና 1/48 ነው። በ1/72 ሲሠራ፣ ወደ 17 ሜትር የሚረዝመው ሚግ 23 በእጃችን ላይ 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል።

እያንዳንዱ ቁራጭ ከክፈፉ ይቆረጣል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። ማጣበቂያው ፕላስቲኩን ትንሽ አቅልጦ ሁለቱን ቁራጭ አንድ ያደርጋቸዋል። መጋጠሚያው ላይ የቀረው ክፍተት በስቱኮ ይሞላና እንደገና ይፈገፈጋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀለም የሚነፋው። ብዙዎቹ ጄቶች አፍንጫቸው ውስጥ ትንሽ ክብደት ካልተደረገ ወደ ኋላ ጋደል ብለው በጭራቸው ይቀመጣሉ፤ ስለዚህ አካሉ ከመዘጋቱ በፊት የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ እንከትበታለን። በጣም ጊዜ የሚወስደው የአብራሪው ክፍል ነው። የመቀመጫው ቀበቶ፣ የሰዓቶቹ ሰሌዳ፣ የመሪው ዘንግ ሁሉ በቀጭን ብሩሽ ይቀባል። ከዚያ የመስተዋቱ ክዳን ይለጠፍበትና ግማሹን ማንም አያየውም። (ስብከት ለምንወድ ሰዎች ምሳሌው እዚህ ላይ ዝግጁ ነው። እግዚአብሔር የተሰወረውን ያያል ብለን ጽሑፉን መዝጋት እንችል ነበር። የከበደን ግን ይህ አይደለም።)

እኛ የምንወደው የአገራችንን አውሮፕላኖች መሥራት ነው። ኤፍ 5 ሲነሣ የማይኮራ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። በኦጋዴን ጦርነት፣ በ1969 እና 1970 ዓ.ም.፣ በዚህ አውሮፕላን የተዋጉት አብራሪዎቻችን የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ ጥለዋል። ከእነርሱ አንዱ ለገሠ ተፈራ አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማረኩና ወደ 11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆዩ። ያን አውሮፕላን ስንሠራ የምንለጥፈው ባንዲራ እጃችን ላይ ይከብደናል፤ በደስታም ይከብደናል።

ሚግ 23 ግን ሌላ ታሪክ አለው። በ1980 ዓ.ም. ሰኔ 15 ቀን፣ ረቡዕ፣ የገበያ ቀን፣ በትግራይ ሐውዜን ላይ የዘነበው ቦምብ ከመንግሥት አውሮፕላኖች የወረደ ነው። ገበያተኛ ሕዝብ ነበር ያለቀው። ይህን እያወቅን የዚያኑ ዓይነት አውሮፕላን ሞዴል ሠርተናል። አንድ ወንድም ኢሳይያስ 2፥4ን ጠቅሶ ሁሉንም እንድናቃጥል መክሮናል። ቃሉ እውነት ነው፤ ሰይፉ ማረሻ የሚሆንበትን ቀን እኛም እንናፍቃለን። ፕላስቲክ ግን ማረሻ አይወጣውም፤ ሲቃጠልም ሽታው ለጎረቤት አይመችም። እኛ የፈለግነው ዓይናችን ሳይሸሽ ማየት ነበር። ስለዚህ ሚጉን ሠራን፣ ቦምብ ግን አልሰቀልንበትም። መስቀያዎቹን ባዶ ተውናቸው።

ከተነሣ አይቀር፣ የዚህ ሥራ ታሪክ ራሱ ከጦርነት ጋር የተሳሰረ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የትምህርት ቤት ተማሪዎች 500,000 የአውሮፕላን ሞዴሎች እንዲሠሩለት ጥሪ አድርጎ ነበር። ልካቸው ይኸው 1/72 ሲሆን ከእንጨት ተጠርበው ጥቁር ይቀቡ ነበር። ዓላማው መልመጃ ነው፤ መሬት ላይ የቆመ ሰው ቀና ብሎ በቅርጹ ብቻ የወገንን አውሮፕላን ከጠላት እንዲለይ።

አንዲት የምናከብራቸው እናት ይህን ትምህርት ያለ ሞዴል ነው የተማሩት። የልጅነት ከተማቸውን ስም አንጠቅስም። ባለፈው ዓመት ከጸሎት በኋላ ሻይ እየጠጡ ዓይናቸው መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ልጆቼ፣ እስቲ ያንን አውርዱልኝ።»

ሚጉን በሁለት እጅ አቀበልናቸው። እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ጀርባውን ነው፤ አረንጓዴና ቡናማ የተዥጎረጎረውን ቀለም። እርሳቸው ግን ክንዳቸውን ቀጥ አድርገው ከራሳቸው በላይ አነሡትና ከሥሩ ቀና ብለው ተመለከቱት።

«ጀርባውን አይቼው አላውቅም» አሉ። «የማውቀው ሆዱን ነው። እግር አልነበረውም።»

እግር ያሉት ጎማዎቹን ነው። የእኛው መሬት ላይ እንደ ቆመ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ጎማዎቹ ወርደው፣ ከሆዱ በታች ያለው ቀጥ ያለ ክንፍ ወደ ቀኝ ታጥፎ። ለዚያች እጥፋት ትክክለኛነት ብዙ ፎቶግራፍ አገላብጠን ነበር።

«ቦምቡስ?»

«እማማ፣ እኛ ቦምብ አንሰቅልበትም።»

«እሱ ባዶውን አልመጣም» አሉና መልሰው ሰጡን። ከዚያ በኋላ የነገሩንን እዚህ አንጽፍም፤ የእርሳቸው ነው።

በዚያ ሰሞን በኅብረታችን ሉቃስ 19ን እያጠናን ነበር። ጌታችን ከደብረ ዘይት ተራራ ቁልቁለት ኢየሩሳሌምን አያት፤ አይቷትም አለቀሰላት። ከተማዋ ትከበባለች ሲል ከግንቡ ጋር በውስጧ ያሉትን ልጆች ጠቀሰ። የአየር ኃይላችን ዋና ጣቢያ ያለባት ቢሾፍቱም ለብዙ ዓመታት ደብረ ዘይት ስትባል ኖራለች። ስሙን ስንቴ ሰምተነዋል፣ ግን ሁለቱን ደብረ ዘይቶች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጠናቸው አናውቅም ነበር። ከከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል የሚያይ ሰው መንገዱንና ጣሪያውን ነው የሚያየው። ጌታ ከዚያው ከፍታ ሆኖ ልጆቹን አያቸው። ይህን የምንለው በአብራሪዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም፤ በጸሎት አብረውን የሚንበረከኩ የቀድሞ የአየር ኃይል ወንድሞች አሉ፣ ከእነርሱም አንዱ ይህን ምዕራፍ ሲያነብ ድምፁ ተቆርጦበታል።

ሳጥኑን እንደገና አውጥተን አየነው። አብራሪው አለ፣ የራስ ቁሩ ሳይቀር። ሮኬቱ አለ፣ ቦምቡ አለ፣ የነዳጁ ታንክ አለ። ከታች የነበረ ሰው የለም፤ እንደዚያ ያለ ሳጥን የሚያሳትም ፋብሪካም አላየንም። በ1/72 አንድ አዋቂ ሰው 2 ሴንቲ ተኩል አይሞላም።

በቦምቡ ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ከሁለታችን አንዳችን እውነቱ እንዲታይ ይሰቀል ይላል፤ ሌላችን ያን ነገር አሳምሮ ለመቀባት እጄ እሺ አይልም ይላል። ቦምቦቹ አሁንም ከክፈፋቸው አልተቆረጡም። በጸሎት ይዘነዋል፤ ጌታ ምን እንደሚል እንጠብቃለን።

እማማ ግን ሌላ ነገር አዘዙን። «ታቹን ሥሩለት» አሉ። ስለዚህ ካለፈው ጾም ጸሎታችን ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሠራው ገበያ ነው። 30 በ30 ሴንቲ የሆነ ጣውላ ላይ አሸዋ በኮላ አፈሰስን። ሰዎቹን ከተረፈ የፕላስቲክ ክፈፍና ከስቱኮ እንቀርጻለን። ነጠላው ሶፍት ነው፤ በውኃ በቀጠነ ነጭ ኮላ ይነከርና በወረንጦ ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ሲደርቅ እጥፋቱን ይዞ ይቀራል። ቅርጫት ለመሥራት ክር ጠምጥመናል። አንድ ሰው ለመጨረስ ሁለት ቅዳሜ ይፈጃል፤ ለአውሮፕላኑ መቀመጫ ያን ያህል አልደከምንም።

እስካሁን ዐሥራ አንድ ሰው ሆነዋል። ባለፈው ሳምንት እማማ መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አዩ። በደንብ እንዲታዩ ብለን አራርቀን ያስቀመጥናቸውን ሴቶች በጣታቸው እያመለከቱ፣ «ገበያ ላይ ሰው እንዲህ ተራርቆ አይቀመጥም፤ አቀራርቧቸው» አሉ። አቀራረብናቸው። ጨው የጫነችው አህያ ግን ገና ጆሮ የላትም።