አፉ እስኪፈታ

እኛ ቤት ማሙሽ «ጨዋ» ነበር። እንግዳ ሲመጣ አያስቸግር፣ ሲቆጡት አይመልስ፣ ጥግ ይዞ ብቻውን ይጫወት። አንበሳሜ ላይ እንዲህ ያለ ልጅ ይመረቃል እንጂ ሐኪም ቤት አይወሰድም። እናቱ ማለትም እህታችን፣ ሁለት ዓመት ሞልቶት «እማ» አለማለቱ ሲያሳስባት እኛ አጎቶቹና አክስቶቹ ተሰብስበን አጽናናናት። «ወንድ ልጅ ይዘገያል» አልናት። አያታችን ደግሞ ከመካከላችን አንዱን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይኸስ ሦስት ዓመቱ አልነበር አፉን ሲፈታ? አሁን ማን ያስቆመዋል!» አሉ። ሳቅን። ቡናው ቀጠለ።

እንደው ለነገሩ አማርኛችን ራሱ ተስፋ ይሰጣል። ልጅ «አፉን ፈታ» እንላለን፤ የታሰረ ነገር ደግሞ ቀኑ ሲደርስ ይፈታል። ችግሩ ሁላችንም የምንጠብቀው አፉን ነበር። ጆሮውን ማን አየ?

የማሙሽ ጆሮ በየጊዜው ይመግል ነበር። «ብርድ ነው» ብለን ሞቅ ያለ ዘይት ጠብ እናደርጋለን፤ መግሉ ሲደርቅ ዳነ እንላለን። ሦስት ዓመት አለፈው። አንድ ቀን የሰፈር ልጆች «ዱዳው» ብለው ሲጠሩት ሰማን። ያኔ ደነገጥን። አያታችን ጠበል አሉ፣ እህታችን ሐኪም አለች፤ ሁለቱም ተደረገ። ልጁን ይዘን በሐሙሲት በኩል ባሕር ዳር ገባን።

ሐኪሟ ከአፉ በፊት ጆሮውን አየች። የሁለቱም ጆሮዎቹ ታምቡር ተበስቷል። «ይህ ልጅ የምትሉትን በደንብ አይሰማም» አለችን። ዘይቱንም ከለከለችን፤ የተበሳ ጆሮ ውስጥ ሲገባ ይብስ ይጎዳል። እርስ በርሳችን ተያየን። ያልሰማውን ቃል ከየት አምጥቶ ይናገር? ስንቆጣው ያልመለሰው ጨዋ ስለሆነ አልነበረማ!

ያን ቀን የተማርነውን እነሆ። ልጅ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው አንድ ሁለት ቃል ይሞክራል። በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል ያገናኛል፤ «እማ፣ ውኃ» ይላል። በሦስት ዓመቱ የሚናገረውን ባዕድ ሰውም አብዛኛውን ይረዳዋል። ትንሽ የሚዘገዩና በኋላ የሚደርሱ ብዙ ናቸው፤ አያታችን ፈጽሞ አልተሳሳቱም። ግን የትኛው ደራሽ፣ የትኛው ችግር ያለበት እንደሆነ ቡና ላይ ተቀምጦ አይታወቅም። ሲጠሩት የማይዞር ወይም የጀመረውን ቃል የተወ ልጅ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጠውም።

ሁሉም ጆሮ ነው ማለታችን አይደለም። የአእምሮ እድገት መዘግየት አለ፤ ኦቲዝም አለ። ወ/ሮ ዘሚ የኑስን አስታውሱ። ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚይዝላቸው ትምህርት ቤት ሲያጡ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስ ስለነዚህ ልጆች ሳይታክቱ ተናገሩ። ብዙ ቤተሰብ «እርግማን ነው» ብሎ ልጁን ጓዳ በሚደብቅበት አገር የራሳቸውን ልጅ ይዘው አደባባይ ወጡ። እኛ ግን አንድ የሚመግል ጆሮ ለማሳየት ሦስት ዓመት ፈጀብን።

ማሙሽ ጆሮውን በጠብታና በማድረቅ ለወራት ታከመ። ግራው ዳነ፤ ቀኙ ዛሬም ደካማ ስለሆነ በግራው በኩል እንቀመጣለን። ፊቱን እያየን፣ የያዝነውን ነገር በስሙ እየጠራን እናወራዋለን። መጀመሪያ የጠራው «ላም» ነው፤ እናቱ ትንሽ ከፋት። አሁን ወሬው አያልቅም። «ር»ን «ል» እያለ ወረታን «ወለታ» ሲል ሁላችንም እንስቃለን። አንዳንዴ ከመካከላችን አንዱ ይሰለቸውና «ኧረ ዝም በል!» ይለዋል። ከዚያ ሁላችንም ዝም እንላለን።

እናንተም ቤት «ጨዋ» ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ከጀርባው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ በስሙ ጥሩት። ካልዞረ ደግማችሁ ሞክሩ። አሁንም ካልዞረ ነገ ሐኪም ቤት ውሰዱት። ቢዞርም እንኳ ሁለት ዓመት ሞልቶት ቃል ከሌለው አሳዩት።