ሽጉጡና መጽሔቱ

መቼም ቤት ስናጸዳ ዕቃን የምንመዝነው በተገዛበት ዋጋ ነው። ውድ የነበረው ይቀመጣል፣ ርካሹ ይጣላል። ወረቀት ደግሞ የርካሾች ርካሽ ነውና ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ይህ ሚዛን አይጥመኝም። ለምን እንደማይጥመኝ በአንድ የቪዲዮ ጌም ማጫወቻ ታሪክ ላስረዳችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የጃፓኑ ኒንቴንዶ ማጫወቻውን በአገሩ ያወጣው በ1983 ነው። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የቪዲዮ ጌም ገበያ ተንኮታኮተ፤ ባለሱቆችም ስሙን መስማት ጠሉ። ታዲያ ኩባንያው በ1985 አሜሪካ ሲገባ ሽማግሌ ላከ፤ ሮብ የሚባል ትንሽ ሮቦት። ማጫወቻው ከሮቦቱ ኋላ ተከልሎ አሻንጉሊት ነኝ ብሎ ሱቅ ገባ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ ግን ሽማግሌውን ማን ያስታውሳል? ለሮብ የተሠሩት ጨዋታዎች 2 ብቻ ሆነው ቀሩ።

ዛፐር የሚሉት ሽጉጥም ነበር። የሚተኩስ ይመስላል እንጂ ሥራው ማየት ነው። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጨልምና ዒላማው ባለበት ቦታ ነጭ ብርሃን ብልጭ ይላል፤ ሽጉጡ ውስጥ ያለው መሣሪያ ያንን ብርሃን ካየ ዒላማው ተመታ ማለት ነው። ይህ የሚሆነው ግን በወፍራሙ የድሮ ቴሌቪዥን ነው። በዛሬው ጠፍጣፋ ስክሪን ፊት ዛፐር ዕውር ነው። በ1989 ማቴል ያወጣው ፓወር ግላቭ የተባለው ጓንት ደግሞ እንደ ሌሊት ወፍ፣ የሰው ጆሮ በማይሰማው ድምፅ የእጅን እንቅስቃሴ ይከታተል ነበር። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ጓንቱ ግን አልታዘዝ አለ።

ሜሪላንድ ያለችው ታናሽ እህቴ ቤት ልትቀይር ዕቃ ስትሸክፍ ደረስኩ። የልጇን ዛፐር በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣለች፤ ኒንቴንዶ ፓወር የተባሉትን መጽሔቶቹን በካርቶን አድርጋ ለቆሻሻ አውጥታለች።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ የኩባንያ ማስታወቂያ ነው" አለችኝ።

እውነቷን ነው። መጽሔቱን ከ1988 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ያሳተመው ራሱ ኒንቴንዶ ነው። ሻጩ ዳኛ በሆነበት ገጽ ላይ ሂስ አይጠበቅም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር እንዲህ ያለውን ሂስ ብሎ የሚያመጣልኝን ተማሪ አላሳልፈውም ነበር።

ልጇ ግን በ1990 ከአዲስ አበባ በ9 ዓመቱ ሄዶ፣ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲታገል ያነበበው ይህንኑ ነው። መዝገበ ቃላት ዘርግቶ የጨዋታውን ካርታ ይከተላል። ነጥባቸውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ፎቶ አንሥተው የላኩ፣ የማያውቃቸውን ልጆች ስም ይቆጥራል።

"ጋሼ፣ አንብብ ያለኝ ሰው የለም። ሳላነብ ግን በሩ አይከፈትልኝም ነበር" አለኝ።

አንድ ነገርም አጫወተኝ። ዜልዳ በተባለው ጨዋታ ውስጥ ጆሮው የረዘመ ጭራቅ አለ። የእንግሊዝኛው መመሪያ ይህ ጭራቅ ጩኸት እንደሚጠላ ይነግራል። ጃፓን ውስጥ 2ኛው መቆጣጠሪያ ማይክሮፎን ስላለው ሲጮኹበት ጭራቁ ይሞታል። አሜሪካ የተሸጠው ግን ማይክሮፎን የለውም። ቃሉ ተተረጎመ፣ ዕቃው ጃፓን ቀረ! የእህቴ ልጅም ጨዋታው ውስጥ ያለውን ዋሽንት ሲነፋበት ከረመ። መድኃኒቱ ለካ ቀስት ነው። የተጻፈን አምኖ መሞከር፣ አልሠራ ሲል ደግሞ መጠራጠር፤ እኛ በስንት ሴሚስተር የምንደክምበትን ትምህርት ልጁ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ተማረው። ማስታወቂያ ሆኖ የተጻፈ ሁሉ ማስታወቂያ ሆኖ ብቻ አይነበብም።

መጽሔቱ በ2012 መጨረሻ በ285ኛው ዕትም ተዘጋ። ሽጉጡ የድሮ ቴሌቪዥን ይፈልጋል፣ ጓንቱም ማጫወቻውን ይፈልጋል፤ መጽሔቱ የሚፈልገው ዓይን ብቻ ነው። እናንተም ቁምሳጥን ስታጸዱ የልጆቻችሁን ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት እስቲ ባለቤቱን ጠይቁት፤ ምን እንዳነበበበት የሚያውቀው እሱ ነው።