ስለ አንዲት ፖስት ካርድ እድፍ

ወጣቶች ሆይ፥ ንጽሕናን መውደድ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕውቀት ያልመራው ንጽሕና ጉዳት የሚያመጣበት ጊዜ አለ። ይህንንም የተማርሁት ከገዛ እጄ ጥፋት ነው።

አሮጌ ፖስት ካርዶችን መሰብሰብ እወዳለሁ። እናቴ ዘንድ አንዲት ነበረች፤ ሟቹ አጎቴ በወጣትነቱ፥ በ1952 ዓ.ም.፥ ከድሬዳዋ የላከላት ናት። በፊቷ የባቡር ጣቢያው ፎቶግራፍ፥ በጀርባዋም የእጁ ጽሕፈት ነበረባት። ከዚያች ሌላ የእርሱ ጽሕፈት በቤታችን አልነበረም። በጀርባዋ ጥግ ቡናማ እድፍ ስላየሁ፥ አሳምሬ ላስደስታት ብዬ፥ ሳላስፈቅድ፥ ጥጥ በውሃና በጥቂት በረኪና ነክሬ አሸሁት። እድፉ ፈዘዘ፤ ዳሩ ግን ውሃው ወደ ጽሕፈቱ ተስፋፍቶ ቀለሙን አጠበው፤ የተረፈውንም በረኪናው አነጣው። ደንግጬ ሳገላብጣት፥ ፎቶግራፉን የያዘው ስስ የጄላቲን ሽፋን ርሶ ኖሮ፥ ጣቴ የነካው ቦታ ተላጠ።

ልደብቃት ቃጥቶኝ ነበር። «ጠፋች» ብል ማን ያውቅብኛል? ከሁለት ቀን በኋላ ግን ይዤላት ሄድሁ። እናቴ ብዙ ጊዜ አገላብጣ ካየቻት በኋላ፥ «ልጄ፥ ያ እድፍ እኮ ቡና ነበር። አጎትህ በባቡሩ ሥራ መቀጠሩን ሳነብላት፥ አያትህ ከደስታዋ ብዛት ብድግ ስትል ሲኒውን ደፋችው» አለችኝ። አልተቈጣችኝም። ብትቈጣኝ በቀለለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራውን የሚያውቁ ሰዎችን ጠይቄ ተረዳሁ። አሮጌ ካርድ የሚጸዳው በደረቁ ነው። እጅን ታጥቦና አድርቆ፥ ትቢያውን በለስላሳ ብሩሽ ከመካከል ወደ ዳር መጥረግ ይገባል። ይህ ካልበቃ፥ ለስላሳ ነጭ ላጲስ ፈቅፍቆ፥ ፍቅፋቂውን ጽሕፈትና ሥዕል በሌለበት ቦታ በቀስታ ማንከባለልና በብሩሽ ማራገፍ ነው። የእርሳስ ጽሕፈትን፥ ቴምብርንና የፖስታ ቤት ማኅተምን መንካት አይገባም። ወደ ወረቀቱ ውስጥ ከሰረገ ነጥብ ጋር መታገልን ትቶ፥ ካርዱን ከርጥበትና ከፀሐይ ጠብቆ ማኖር ይሻላል።

አንባቢ ሆይ፥ ትቢያ ከላይ ያረፈ ነውና ይጠረጋል፤ ምልክት ግን ከነገሩ ጋር አብሮ የኖረ ነው። በሰውም ዘንድ እንዲሁ ነው። የወዳጃችንን ጠባይ ለማረም ስንቸኩል፥ ነውር ያልነው ነገር ያሳለፈው ኑሮ ጠባሳ ሊሆን ይችላል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ እኔ ግን ያፈሰስሁትን ልለቅም አልቻልሁም።

እናቴ ካርዷን ለእኔ ሰጠችኝ፤ አሁንም በጠረጴዛዬ ላይ አለች። እርሷን እያየሁ፥ የሰውን ነገር ለማጥራት እጄን ከመዘርጋቴ አስቀድሞ ባለቤቱን እጠይቃለሁ።