ስለ ሌሊት ወፍና ስለ መብራት፥ በሲናና ያየነው

በመንግሥት ሥራ ምክንያት ከሮቤ ከተማ ወጥተን በሲናና ወረዳ አራት ሌሊት አድረን ነበርና፥ በዚያ ያየነውን ለአንባቢዎቻችን መንገር መልካም መስሎ ታየን።

ሲናና ሜዳው ሰፊ፥ አፈሩ ጥቍር፥ ነፋሱም ብርዳም የሆነ አገር ነው። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ አንደኛውን አዝመራ ገና፥ ሁለተኛውን ቦና እያሉ ስንዴና ገብስ ያመርቱበታል። ወደ ጎባ አሻግረው ሲመለከቱ የባሌ ተራሮች ደመና ለብሰው ይታያሉ።

ያረፍነው ባንድ ሽማግሌ ገበሬ ቤት ሲሆን፥ ከቆርቆሮው ክዳን ሥር የሌሊት ወፎች ሰፍረው ነበር። በመጀመሪያው ምሽት በበረንዳው ተቀምጠን ስንጽፍ ኵሳቸው በወረቀታችን ላይ ስለ ወደቀ ተቈጣንና፥ ብርቱው የኤሌክትሪክ መብራት ወደ መውጫቸው ቀዳዳ እንዲዞር አዘዝን። ሽማግሌውም የእንግዳን ፈቃድ መከልከል ነውር ነውና ዝም ብለው አዞሩት። የሌሊት ወፎቹ ብቅ እያሉ ተመለሱ እንጂ ሌሊቱ እስኪገፋ ድረስ አልወጡም፤ እኛም ደስ አለን። ሦስት ሌሊት እንዲህ ካደረግን በኋላ ግን ጠጕር ያላበቀለ አንድ ልጃቸው ከግድግዳው ሥር ሞቶ ተገኘ። ሽማግሌውም አንሥተው አዩትና፥ «ጌታው፥ እነዚህ የሚወጡት ለመብል ነው። እኛ ደጃቸውን ይዘን ልጆቻቸውን አስራብን» አሉን። እጅግ አፈርን። በዚያው ማታ መብራቱን አስጠፍተን ከጓዳ ገብተን በኩራዝ ጻፍን፤ ፀሓይ እንደ ገባችም ሁሉም ተከታትለው ወጡ።

የነገሩ ምክንያት እንዲህ ነው። የሌሊት ወፍ ልጅዋን በጡት የምታሳድግ እንስሳ ናት እንጂ በእውነት ወፍ አይደለችም። በጨለማ የምትመራው ድምፅ አውጥታ፥ ያ ድምፅ መትቶ ሲመለስ በመስማት መሆኑን ዶናልድ ግሪፊን የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ1938 ዓመት ጀምሮ መርምሮ አስረድቷል። ነገር ግን ዕውር አይደለችም፤ በብርሃን ጭልፊትና ጕጕት እንዳይነጥቋት ትፈራለች። የምትበላቸው ተባዮች የሚበዙት በምሽት መግቢያ ነውና፥ የዘገየች እንደ ሆነ ማዕዱ ተነሥቶ ታገኘዋለች። በሀንጋሪ አገርም መብራት በበራባቸው ቤቶች ያደጉት ልጆች ካልበራባቸው ይልቅ አንሰው ተገኝተዋል።

ከዚህም በላይ የእሳት ራት እንደ ስሙ ከእርሻው ወጥቶ ወደ መብራቱ ይሄዳል። በረራቸው ፈጣን የሆኑት የሌሊት ወፎች በመብራቱ ዙሪያ ይጠግባሉ፤ ክንፋቸው ሰፊ፥ በረራቸው ዝግ ያለው ግን ከብርሃኑ ሸሽተው ይራባሉ። እንግዲህ መብራት ለአንዱ ግብር ሲያበላ በሌላው ላይ በር ይዘጋል። ይህም ለገበሬ ከንቱ ነገር አይደለም፤ እህል የሚፈጀው ተምች አድጎ የሌሊት ቢራቢሮ ይሆናልና፥ እንዲህ ያለውን የሚበላ ሁሉ የገበሬ ወዳጅ ነው።

በደቡብ ምዕራብ ስዊድን 61 የገጠር አብያተ ክርስቲያናት በ1980ዎቹ በተመረመሩ ጊዜ ከሦስቱ እጅ በሁለቱ የሌሊት ወፍ ነበረ። በ2016 እንደ ገና ሲታዩ ቍጥራቸው በሲሦ ያህል ቀንሶ ተገኘ። ለጌጥ ብለው በዙሪያቸው መብራት ከተከሉባቸው ፈጽመው ጠፍተዋል፤ ካልተተከለባቸው ግን አልለቀቁም።

ሥራችንን ፈጽመን በጎሮ በኩል ወደ ምሥራቅ በወረድን ጊዜ፥ የወይብ ወንዝ ዐለቱን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን የሶፍ ዑመርን ዋሻ አየን። መተላለፊያው 15 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን የሌሊት ወፎች ይኖሩበታል። የእጅ ባትሪያችንንም ወደ ጣራው ሳናነሣ ወደ እግራችን ብቻ አበራን፤ ሲናና አስተምሮን ነበርና።

መብራት የሥልጣኔ ፍሬ ስለ ሆነ አይጠላም። ነገር ግን በቢሮና በጎተራ፥ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ መብራት እንዲተከል የምታዙ ሹማምንት ሆይ፥ ብርሃኑ ወደ ምድር ይመልከት፤ ሥራ ሲያልቅም ይጥፋ። እኛ ሦስት ሌሊት ያዘዝነውን እናንተ ዓመት ሙሉ እንዳታዙት እንለምናችኋለን።