ባለ ስንት ዘንባባ?

በልጅነቴ ቡሬ ላይ ሜዳይ ይቆጠር ነበር። የድል በዓል፣ ሚያዝያ 27፣ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ካኪ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደ አደባባይ ይወርዳሉ። እኛ ልጆች ከኋላ ከኋላ እየተከተልን እንሽቀዳደማለን፤ ዓይናችን ግን ደረታቸው ላይ ነው። የአርበኝነት ሜዳይ ሪባኑ ላይ ትንንሽ የዘንባባ ቅጠል ይደረደርበታል። አንድ ዘንባባ አንድ የዱር ዓመት ነው። ባለ አምስት ዘንባባ ማለት ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ተጠራርጎ እስኪወጣ ጫካ የከረመ ሰው ማለት ነው። ባለ ሁለቱም ባለ ሦስቱም በዚያው ልክ የታወቀ ነበር። «የእገሌ አባት ባለ ስንት ዘንባባ ናቸው?» ብሎ መጠየቅ እንደ ነውር አይቆጠርም፤ መልሱንም አገሩ ሁሉ ያውቀዋል።

አገሩ ማወቁ ነበር ቁም ነገሩ። ማን በየትኛው ዓመት ዱር እንደገባ፣ ከዚያ በፊት ለማን እንደገበረ፣ በደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ በኩል ይሁን በደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ በኩል እንደተሰለፈ የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ሁለቱ መሪዎች እርስ በርስ ተቃቅረው ከርመው በ1932 ማብቂያ ከሱዳን የገባው እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ ነው ያስማማቸው። ስለዚህ አንድ ሰው ሜዳዩን ሲሰካ በመዝገብ ከተጻፈው ይልቅ አጠገቡ የቆሙት ሰዎች ይከብዱት ነበር።

ጎረቤታችን የነበሩትን ባላምባራስን አስታውሳለሁ። በዋዜማው ከአልጋቸው ሥር የእንጨት ሣጥናቸውን ስበው አውጥተው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሜዳዩ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የሚቀመጠው። ሎሚ ለሁለት ከፍለው፣ አንዱን ግማሽ አመድ ላይ ነክረው ቀስ እያሉ ያሹታል፤ ሪባኑን እንዳይነካ በጣታቸው ከልለው ነው። ጠቁሮ የነበረው ጠርዝ ሲያበራ እኔ ውኃ አፈስሳለሁ። አንድ ጊዜ ሣጥኑ ውስጥ ያልወጣ ሌላ ጥቅል አየሁና፦

«አባባ፣ ይሄኛውንስ አይሰኩትም?» አልኳቸው።

«እሱ የኔ አይደለም የኔ ልጅ። የወንድሜ ነው። የሞተ ሰው ኒሻን በሣጥን ይቀመጣል እንጂ በሌላ ሰው ደረት አይወጣም።»

ወንድማቸው ከድል በኋላ ብዙም ሳይቆዩ በበሽታ እንደሞቱ ሰምቻለሁ። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አብረው ዱር ገብተዋል፤ ያም ሆኖ ባላምባራስ አንድም ቀን ያን ሜዳይ ከራሳቸው ጎን ሰክተው አላየሁም። ባሕር ማዶ እንግሊዞችና አውስትራሊያውያን የሞተ ዘመዳቸውን ሜዳይ በቀኝ ደረታቸው ያደርጋሉ፤ በግራ የሚሰካው የባለቤቱ ብቻ ነው። ባላምባራስ ይህን ሥርዓት የሰሙት አይመስለኝም። የሳቸው ከዚያም የጠበቀ ነበር።

በአገሩ ይህ ሥርዓት የጠበቀው ከሜዳይ በፊት ጀምሮ ነው። የብርና የወርቅ ቢተዋ ክንዱ ላይ የሚያጠልቅ፣ የአንበሳ ጎፈር የሚደፋ፣ ለምድ የሚደርብ ሰው ጌታው ሸልሞት፣ ሕዝብ እያየ መሆን አለበት። ፉከራም እንደዚያው ነው። ተነስቶ «ዘራፍ!» የሚል ሰው ያደረገውን ብቻ ነው የሚናገረው። ያላደረገውን ከደረተ፣ በቦታው የነበረ ሰው ከመሐል ተነስቶ ያቆመዋል።

ይህን የምለው አንድ ሰው ትዝ ስለሚለኝ ነው። ደረቱ ላይ ባለ አምስት ዘንባባ ሜዳይ ነበረው። ቡሬ ላይ ግን በ1931 የማንን ጠመንጃ ይዞ እንደነበር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ያኔ ቡሬ ላይ የጣሊያን ምሽግ ነበረ፤ የቅኝ ግዛቱ ወታደሮች እጅጌያቸው ላይ በተሰፋ ምልክት ሙንታዝ፣ ቡሉቅባሽ፣ ሹምባሽ እየተባሉ ይለዩ ነበር። የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጌድዮን ጦር የካቲት 20 ቀን 1933 ምሽጉን መውጋት ጀመረ፤ የጣሊያኑ አዛዥ ኮሎኔል ናታሌም የካቲት 25 ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ሸሸ። ያን ሳምንት ስንቱ እጅጌውን እንደቀደደ እግዜር ይወቀው። ያን ሰው በአደባባይ «ዘንባባህን ቀንስ» ያለው የለም። በዓሉ ላይ ቦታ ይሰጡታል፤ ጠላም ይቀዱለታል። ፉከራው ሲጀመር ግን ተራው ወደሱ ሲደርስ ሁሉም ዝም ይላል፤ እሱም አይነሳም። በልጅነቴ ሽማግሌ ስለሆነ ደክሞት ይመስለኝ ነበር።

ደርግ ሲመጣ በዓሉ ወደ መጋቢት 28 ተዛወረ። ምክንያቱ የእንግሊዝ ጦር በ1933 አዲስ አበባ የገባበት ቀን መሆኑ ነው ተባለ። የጎጃም ሽማግሌ ግን ያን ቀን የሚያውቀው ንጉሡ ደብረ ማርቆስ የገቡበት ብሎ ነው። ዘውድ ያለበትን ኒሻን መስካት ጥያቄ ያስከትላል ተብሎ ተፈራ። ባላምባራስ የሚለው ማዕረግም ከመዝገብ ወጥቶ በጎረቤት አፍ ብቻ ቀረ። ሣጥኑ ከአልጋው ሥር አልወጣም፤ ሎሚና አመዱም ቀረ። ቀበሌ ስብሰባ ላይ «አቶ» ተብለው ሲጠሩ ወዲያው አይሰሙም ነበር፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ነካ ያደርጋቸዋል።

ቀጥሎ የእኛ እኩዮች ተራ ሆነ። ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር ስንቱ ልጅ በብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ወደ ሰሜን ሄደ። አንዳንዱ ማዕረግ አግኝቶ፣ ትከሻው ላይ ኮከብ አድርጎ ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ ያን ልብስ ለቤተ ክርስቲያን አስለብሳ ታስከትለው ነበር። በየካቲት 1983 ኢሕአዴግ ዘመቻ ቴዎድሮስን ከፍቶ ጎጃም ሲገባ ግን የደርግ ሠራዊት በቡሬ መንገድ ተበትኖ አለፈ። ጣሊያን ቡሬን ከለቀቀ ልክ 50 ዓመት መሆኑ ነው። ያን ሰሞን የመንገዱ ቦይ ውስጥ የትከሻ ኮከብ፣ የኮፍያ አርማና የተቀደደ ሪባን እንደ ጠጠር ይለቀም ነበር። ልጆች ኮከቦቹን ሰብስበው ይጫወቱባቸው ጀመር። አንዲት ሴት ከቤቷ ያደረ ወታደር የተወውን ኮት ይዛ ማዕረጉን በምላጭ ስታላቅቅ አይቻለሁ፤ ክሩን እየሳበች፣ ጨርቁ እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ። ማላቀቋ ኮቱ ለባሏ ለእርሻ እንዲሆነው ነው። ኮከቡ የነበረበት ቦታ ግን ፀሐይ ስላላገኘው አረንጓዴነቱ ጎልቶ ቀረ፤ ባሏም ያን ኮት ለብሶ ሲያርስ ኮቱ የመቶ አለቃ እንደነበረ ከሩቅ ያስታውቅ ነበር።

ያ መቶ አለቃ የተዋጋው ለመንግሥት ብቻ አልነበረም። አገሬን ብሎ ነው የሄደው። ኮከቡንም ያገኘው በደሙ ነው። ይህ ሰው አንድ ቀን እንኳ «ይህ ያንተ ነው፣ አስቀምጠው» የሚለው አላገኘም። አሸናፊዎቹ ታጋዮች ራሳቸው ትከሻቸው ላይ ምንም ሳያደርጉ ነበር የመጡት፤ ማዕረግ የተሰጣቸው ከዓመታት በኋላ ነው። እነሱም በተራቸው የሸለሙት አለ፣ የገፈፉት አለ። ሚያዝያ 27 በዓሉ ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ባላምባራስ ከሞቱ በኋላ ነው።

አሁን ቡሬ ገበያ ላይ ሬንጀር የሚባለው የወታደር ልብስና ከስክስ ጫማ ትርጉሙ ሌላ ሆኗል። በመጋቢት 2015 የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን፣ ክንዳቸው ላይ የኃይሉን አርማ ይዘው የቆዩ ወጣቶች አርማውን ፈትተው ወደ መከላከያ፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ቤት ሂዱ ተባሉ። በክልላችን ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ አራሹ አሮጌ ሬንጀር ኮት ለብሶ ወደ ማሳው መውጣት ፈርቷል፤ አንዱ ወገን የሌላው ሰው ያደርገዋል። ሕጉ ያልተሾመ ሰው የሠራዊት ልብስና ማዕረግ እንዳይለብስ ይከለክላል። ልክ ነው። ማዕረግ ያለ መዝገብ የተሰካ ጊዜ ሰው ማንን እንደሚያምን ይጠፋዋል። ነገር ግን ሕጉ የሚደርሰው ያላገኘውን የለበሰው ላይ ብቻ ነው፤ ያገኘውን ቀዶ እንዲጥል የተገደደውን የሚያስታውስ አንቀጽ አላየሁም። በሦስት ትውልድ ውስጥ ቡሬ ላይ እጅጌ ሲቀደድና ሣጥን ሲቆለፍ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም። በየጊዜው አንዱ መንግሥት ሲሄድ፣ የሚቀጥለው መጥቶ አዲስ ጨርቅ ይሰፋል።

የአርበኞቹ የልጅ ልጆች ዛሬ አዲስ አበባ አራት ኪሎ የድል ሐውልት ሥር የአያቶቻቸውን ሜዳይ በግራ ደረታቸው ሰክተው ይቆማሉ። ባላምባራስ ቢያዩ ይቆጡ ነበር ብዬ አስባለሁ፤ እኔ ግን አልቆጣም፤ ከሚጠፋ ይሻላል። ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ከወጣቶቹ አንዱን ዘንባባው ለምን ሦስት እንደሆነ ብጠይቀው ጌጥ መስሎት ነበር የኖረው። ቸርችል ጎዳና ዳር ባሉ የጥንታዊ ዕቃ ሱቆች ደግሞ ያው ሜዳይ ከመስቀልና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጋር መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ለቱሪስት ይሸጣል። ማን እንደለበሰው የሚያውቅ ሻጭ የለም።

ፍኖተ ሰላም ላይ የቃኘው ሻለቃ ዘማች የነበሩ አንድ አዛውንት የኮሪያ ሜዳያቸውን ገልብጠው ያሳዩኝ ጊዜ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ ሳገኘው ደነገጥኩ። የተባበሩት መንግሥታት በበርካታ ዘማች አገሮች ቋንቋ ነበር ያስቀረጸው። ሜዳዩን ጨርቅ ውስጥ መልሰው ሲጠቀልሉት አንድ የታጠፈ ወረቀት አብረው አደረጉ። ስማቸው፣ የትውልድ ቀበሌያቸው፣ የዘመቱበት ዓመትና የሻምበላቸው ቁጥር በራሳቸው እጅ ተጽፎበታል። የቡሬ፣ የደምበጫ፣ የፍኖተ ሰላም ልጆች፣ በየቤታችሁ ሣጥን ውስጥ የአርበኛ ይሁን የኮሪያ ዘማች፣ የደርግ ወታደር ይሁን የልዩ ኃይል አባል ምልክት ካለ እንደዚሁ አድርጉ። ለማን እንደተሰጠና የት እንደተገኘ ጽፋችሁ አብራችሁ አኑሩ። ዘንባባ ካለው ስንት እንደሆነ ጻፉ፤ የሚያውቁ ሽማግሌ ካሉም ዛሬውኑ ጠይቋቸው።