የጋራ «አሁን»

አያቴ ሸኮ ያረፈችው በቡና ለቀማ ሰሞን ነው። እኔ አዲስ አበባ ኮድ እየጻፍኩ ነበር። ከቤት ሦስቴ ተደውሏል፤ የስልኬን ድምፅ ግን አጥፍቼው ነበር። «ልክ ያን ጊዜ ምን እያደረግኩ ነበር?» የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሳኝ መጽናኛ ፍለጋ ፊዚክስ ማንበብ ጀመርኩ።

አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. «በአንድ ጊዜ» የምንለው ነገር ለሁሉም አንድ እንዳልሆነ አሳየ፦ ቆሞ ለሚያይ ሰው እኩል የተከሰቱ ሁለት ነገሮች፣ በፍጥነት እያለፈ ለሚያይ አንዱ ሊቀድም ይችላል። «እንግዲያው የጋራ ‹አሁን› የለም» ብዬ ልጽናና ነበር። ግን ሁለታችንም አንዲት መሬት ላይ ነበርን፤ ከሸኮ እስከ አዲስ አበባ ልዩነቱ ከቁጥር አይገባም። የእሷ አሁን የእኔም አሁን ነበር።

ፊዚክስ ሰበብ አልሆነኝም። ዛሬ ከቤት ሲደወል ኮዱን ትቼ አነሳለሁ።