ማሞና የእኛ ቤት እረኛ

ይህን ጽሑፍ የማቀርበው የሂስ ሰው ነኝ ብዬ አይደለም። ሂስ የሚያውቁ ጓደኞች በዚህችው መጽሔት ላይ ስለሚጽፉ ያንን ለእነርሱ ትቼዋለሁ። እኔ የምናገረው አንድ አንባቢ በክረምት ዕረፍቱ ጊንጪ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለት የወጣቶች ልብ ወለድ ካነበበ በኋላ ምን እንደ ደረሰበት ብቻ ነው። የደረሰብኝ ነገር ደስ የሚል አይደለም። ግን ብቻዬን ይዤው ልቀመጥ አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሻንጣዬን ሸክፌ ወደ ቤት ስነሣ አንድ የዶርም ጓደኛዬ ሁለት ያረጁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አቀበለኝ። «የልጆች ናቸው፤ ጊዜ ያሳልፋሉ» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ናቅኳቸው። እንዴ! እኛ እኮ በ«አደፍርስ» የተከራከርን፣ ስለ «ኦሮማይ» ስናወራ ያደርን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን፤ ለዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የተጻፈ መጽሐፍ ምን ሊጨምርልን ነው? ጊንጪን በክረምት የሚያውቅ ግን ይረዳኛል። ከአዲስ አበባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፤ ነገር ግን ከአስፋልቱ ከወረዳችሁ ዋልካው እግራችሁን ይዞ አይለቅም። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይጀምራል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ መሄጃ የለም። ስለዚህ አነበብኩ።

የመጀመሪያው የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሪፊውጂ ቦይ» ነው፤ «ስደተኛው ልጅ» እንበለው። ዘፋንያ በ2023 እ.ኤ.አ. ያረፈ፣ ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ እንግሊዛዊ ገጣሚ ነው። መጽሐፉ የወጣው በ2001 እ.ኤ.አ. ሲሆን ባለታሪኩ ዓለም የሚባል የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት፤ ዘመኑ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. የተቀሰቀሰው የሁለቱ አገሮች ጦርነት ዘመን። መጽሐፉ ሲከፈት ወታደሮች ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ቤት ሰብረው ይገቡና ቤተሰቡን አስፈራርተው ከአገር ውጡ ይላሉ። ገጹን ስትገልጡ ያው ነገር፣ ከሞላ ጎደል በዚያው ቃል፣ ኤርትራ ውስጥ ይደገማል። መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስሕተት መስሎኝ ነበር! ኋላ ነው የገባኝ። እኔ ወገን ለይቼ ለመቀየም ተዘጋጅቼ ነበር፤ ደራሲው ግን ቀድሞ አውቆብኛል። አባትየው ልጁን ሎንዶን ወስዶ በደብዳቤ ተሰናብቶት ሲጠፋ አዘንኩ። ግን ሐዘኔ የሰላም ሐዘን ነበር። ሎንዶን ሩቅ ነው። አዝኜ ራቴን በላሁ።

ሁለተኛው ነው ጉድ ያደረገኝ። የኤሊዛቤት ሌርድ «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ይባላል፤ በአማርኛ «የቆሻሻው ንጉሥ» ማለት ነው። ደራሲዋ በወጣትነቷ አገራችን ውስጥ ያስተማረች እንግሊዛዊት ስትሆን መጽሐፉ የወጣው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩ የአዲስ አበባ ታሪክ ነው። ማሞ የሚባል ድኻ ልጅ እናቱ ሞታበት ከእኅቱ ከትዕግሥት ጋር ይቀራል። መርጋ የሚባል ሰው «አጎትህ ነኝ» ብሎ ያታልለውና ገጠር ወስዶ ለአንድ ገበሬ ይሸጠዋል። ማሞ የሰው ከብት ሲጠብቅ፣ ሲራብና ሲመታ ይኖራል፤ በኋላ አምልጦ ከተማ ይመለሳል። እዚያም ዳኒ የሚባል የሀብታም ልጅ ያገኛል። ዳኒ አባቱን ፈርቶ ከቤት የጠፋ ነው። ሁለቱም ሚልዮን የሚባል ልጅ ከሚመራው የጎዳና ልጆች ቡድን ጋር ይቀላቀላሉ። ዳኒ ሌላ ሙያ ስለሌለው ታሪክ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ጎዳና ላይ ይሸጣል።

እንግዲህ ገምቱ፤ እኔ ይህን ሳነብ ራሴን ማን ያደረግሁት ይመስላችኋል? ዳኒን ነው እንጂ! ከቡድኑ መሐል ቁጭ ብሎ የሚጽፈው እኔ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ። ማሞን ደግሞ ወደድኩት። ያንን ገበሬ ጠላሁት፤ እጄ ቢገባ ምን እንደማደርገው ሁሉ አሰብኩ። ስለ መርጋም ትንሽ ቅር አለኝ። መርጋ በእኛ አገር የስንቱ ደግ አጎት ስም ነው! ግን ደራሲዋን አልተጣላኋትም። በቋንቋችን ማንም ያልጻፈልንን የባዕድ አገር ሴት ብትጽፍልን በስም ምርጫዋ ላይ ምን አፍ አለኝ?

ታናሽ እኅቴ ሰባተኛ ክፍል ናት። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት ማታ ማታ ሻማ አብርቼ ያነበብኩትን በኦሮምኛ እተርክላት ነበር። የመርጋን ስም ስትሰማ ሳቀች፤ እንደዚያ የሚባል ጎረቤት አለን። ማሞ ገበሬው ቤት ሲደርስ ግን ሳቋን አቆመች። ከብቶቹን ይዞ መውጣቱን፣ ማታ ሲመለስ የሚጠብቀውን ሁሉ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣

«ወንድም ጋሼ፣ እንደ እኛ ቤቱ ልጅ ማለት ነው?» አለችኝ።

«የቱ ልጅ?»

ስሙን ጠራችው። ያኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ግን በጀርባው አዝሏት እንደ ነበር ታስታውሳለች። እኔ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የነበርኩት ሰውዬ ስሙን ለማስታወስ ማሰብ ነበረብኝ። ስሙ የራሱ ስለሆነ እዚህ አላሰፍረውም።

አንባቢ ሆይ፣ በ2007 ዓ.ም. ቤታችን እረኛ ነበረ። በእኛ ቋንቋ «ትክሴ» እንላለን። ወደ ጀልዱ ከሚወስደው መንገድ ወዲያ ካለ ቀበሌ አንድ ዘመዱ በገበያ ቀን አምጥቶ አስቀጠረው። ዕድሜው ከእኔ ጋር እኩል ነበር፤ ቢበልጥም ቢያንስም በጥቂት ወር ነው። ደሞዙ በዓመት መጨረሻ የሚከፈል ገንዘብና አንድ ልብስ ነበር። ጠዋት እኔ ደብተሬን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት፣ እሱ ዱላውን ይዞ ወደ ጭሊሞ ጫካ ዳር እንወጣለን። ማታ እኔ የቤት ሥራዬን ስሠራ በሩ አጠገብ ይቀመጥና «ጮክ ብለህ አንብብ» ይለኛል። አንዳንዴ አነባለሁ፣ አንዳንዴ «ተወኝ» እላለሁ። እንዲያው በመስማትና በማየት ቁቤውን ለይቶ ነበር። አንድ ቀን መሬት ላይ በእንጨት ስሙን ጽፎ አሳይቶኛል።

ሚያዝያ ላይ የኦሮምኛ መጽሐፌ ጠፋ። የትምህርት ቤት ንብረት ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ ካልተመለሰ ዋጋው ይከፈላል። ማታ እረኛው ሲመጣ መጽሐፉን ከጉያው አወጣው፤ ዝናብ አብስብሶት ገጹ እርስ በርሱ ተጣብቋል። ስለ አንዲት ቀበሮ የሚናገር ታሪክ ነበረበት፤ ያንን ሊያነብ ነው የወሰደው። እኔ ምን አደረግሁ? ሮጬ ለአባቴ ነገርኩ። አባቴም መታው፤ የመጽሐፉም ዋጋ ከደሞዝህ ይቆረጣል አለው።

የማልረሳው ዱላውን አይደለም። ሁላችንም እንመታ ነበር። ያን ለት ሌሊት፣ ሁላችንም ተኝተን፣ በጨለማው ውስጥ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀበሮዋ መጨረሻ ላይ ምን ሆነች?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ የተጣበቀው ገጽ እያንገበገበኝ፣ «ላንተ ምን ያደርግልሃል?» አልኩት። ከዚያ በኋላ አልጠየቀኝም። ወሩ ሲያልቅ አንድ ቀን ጠዋት ከብቶቹ በረት ውስጥ ሲጮኹ ሰማን፤ እሱ የለም።

ይኸውላችሁ፤ ከማሞ ጋር የተራብኩት፣ ገበሬውን የረገምኩት ሰው የገበሬው ቤት ልጅ ነበርኩ። አባቴ ልጅ የሰረቀ ሰው አይደለም፤ እረኛውም የተሸጠ ልጅ አልነበረም፤ ነገሩ አንድ ነው አልልም። አገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚያሳድረው፤ እሱ የበላውን እኛም በልተናል። ግን ልዩነቱን እየቆጠርኩ ስሄድ ለራሴ ጠበቃ የቆምኩ መሰለኝና ተውኩት። ዛሬ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዕድሜው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ያኔም ቢሆን የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ልጅ ነበር፤ ይህን ለማወቅ አዋጅ አያስፈልገኝም ነበር፤ ራሴም ዐሥራ ሁለት ነበርኩና።

ትምህርት ተከፍቶ ስመለስ ደግሞ የሚገርም ነገር ታወሰኝ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የቱ ነው ሲባል ሁላችንም አፋችንን ሞልተን እንመልሳለን። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ማለትም ጦቢያ፤ ሮም፣ 1900 ዓ.ም.። ማርኩን እንወስዳለን። ጦቢያና ዋህድ ግን ማን ናቸው? መንታ ወጣቶች ናቸው! ዋህድ አባቱን ያስፈታላቸውን ነጋዴ ፍለጋ ሲንከራተት ተይዞ ይሸጣል፤ ጦቢያም እንደ ወንድ ለብሳ ከአባቷ ጋር ልትፈልገው ትወጣለች። ልብ ወለዳችን የተጀመረው በተሸጠ ልጅ ነው ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖናል። ስንት ጊዜ ተፈተንበት፤ እኔ እስከ ዛሬ «ዋህድን የገዛው ማን ነው? በገዢው ቤት የዋህድ እኩያ ልጅ ነበረ ወይ? እሱስ ምን አለ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

ለወጣቱ ምን ይጻፍለት በሚባልበት ጊዜ ብዙዎቻችን ምክር ይጻፍለት እንላለን፤ ሥራ ይውደድ፣ ታላቁን ያክብር። እኔም እንዲያ እል ነበር። እነዚህ ሁለት መጻሕፍት ግን አልመከሩኝም። አንዱ ወገን እንዳልይዝ ከለከለኝ፤ ሌላው የያዝኩትን ወገን አስለቀቀኝ። ይህንንም ያደረገው መጽሐፉ ብቻ አይደለም፤ የእኅቴ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ደግሞ የመጣው ታሪኩን በገዛ ቋንቋዋ ስለሰማች ነው። በእንግሊዝኛ ሳነበው ገበሬው ገጸ ባሕርይ ነበር። በኦሮምኛ ስናገረው ግቢያችን ውስጥ ገባ።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች ስለ ጭሊሞ ጫካና ስለ ኳስ ሜዳው ተቆጥተው ሲወጡ የከተማችን ስም በዓለም ዜና ተሰማ። ስለዚያ ጊዜ ብዙ ዘገባ ተጽፏል። አንድ የጊንጪ ልጅ ጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚያስብ የሚናገር የወጣቶች ልብ ወለድ ግን እኔ እስከ ዛሬ አላነበብኩም። እኛ ተማሪዎች ስለ ጫካው ስንጮህ ዛፉን በዛፍ ለይቶ፣ ጥዱንና ዝግባውን፣ ምንጩንና የጅቡን ዋሻ የሚያውቀው ልጅ ከመሐላችን አልነበረም። ሰባት ወር ሆኖት ነበር ከሄደ።

ወደ ግቢ ከመመለሴ በፊት እናቴን ጠየቅኋት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ቀና ሳትል «ስምንት ወር ሠርቷል፤ ከመስከረም እስከ ሚያዝያ» አለችኝ። ቆጥራዋለች ማለት ነው፤ ይህን ሁሉ ዓመት! አባቴን ስጠይቀው «ዓመቱን አልጨረሰም፤ ያልጨረሰ ደሞዝ የለውም» አለ። ጥቂት ቆይቶ ግን «ደኅና እረኛ ነበር» አለና ወጣ። ከአባቴ ጋር አልተከራከርኩም። የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ክርክሩ ከራሴ መጀመር አለበት።

ጓደኞቼ፣ ይህች መጽሔት ስለ ጨረቃና ስለ ተለየች ፍቅረኛ በቂ ግጥም አላት፤ የእኔም ሁለቱ በውስጧ አሉ። በየቤታችን ግን ከብት የጠበቀ፣ ውሃ የቀዳች፣ ሕፃን ያዘለች እኩያችን ነበረ፤ ነበረች። እስቲ እነሱን እንጻፍ። የበደላቸውን ክፉ ሰው ሩቅ አገር አንፈልግ፤ እኛ የዚያን ጊዜ የት ቆመን እንደ ነበር እንጻፍ።

ለእኅቴ የማሞን ታሪክ ጨርሼ ነግሬያታለሁ፤ መጨረሻውን ስትጠይቀኝ አላስጠበቅኋትም። የቀበሮዋን መጨረሻ ግን ባስበው ባስበው እኔም ጠፍቶብኛል። እናቴ እንዳለችኝ ልጁን ያመጣው ዘመድ እስከ ዛሬ ጊንጪ ገበያ ይመጣል። ከመንፈቀ ዓመቱ ፈተና በኋላ ስሄድ እሱን ፈልጌ ልጁ የት እንዳለ እጠይቃለሁ፤ የስምንቱንም ወር ነገር እናቴና እኔ ተነጋግረንበታል። እኅቴ ደግሞ «የቆሻሻውን ንጉሥ» ለእሱ ካልሰጠን አልመልስም ብላ ሣጥኗ ውስጥ ቆልፋበታለች። ያዋሰኝ የዶርም ጓደኛዬ ይህን ሲያነብ ይቅር ይበለኝ።